ከመዝገብ ቁጥር አንድ እስከ ቀይ ጡቡ ትምህርት ቤት፤ የገበሬው ዳንኤል ፍሪማን ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ1899 በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት፣ ጌጅ በሚባለው አውራጃ፣ ከቢያትሪስ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ባለ አንድ ክፍል የገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ አንዲት አስተማሪ በትምህርት ሰዓት ለተማሪዎቿ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታነብ፣ ከእነርሱ ጋር ትዘምርና ትጸልይ ነበር። በአካባቢው ማንም እንደ እንግዳ ነገር አይቆጥረውም፤ በዚያ ዘመን በብዙ የአሜሪካ የገጠር ትምህርት ቤቶች የተለመደ ሥርዓት ነበርና። አንድ የ73 ዓመት ገበሬ ግን አልተቀበለውም። በመጀመሪያ አስተማሪዋን እንድትተው ጠየቃት፤ እርሷም ከትምህርት ቤቱ ቦርድ ፈቃድ አግኝታ የምታደርገው መሆኑን ነገረችው። ቀጥሎ ወደ ቦርዱ ሄደ፤ ቦርዱም አስተማሪዋን ደገፈ። በመጨረሻ ሰውየው የገዛ ጎረቤቶቹን፣ ማለትም የቦርዱን አባላት፣ ፍርድ ቤት አቆማቸው።

ገበሬው ዳንኤል ፍሪማን ይባላል። አሜሪካውያን በአብዛኛው የሚያውቁት በሌላ ነገር ነው፤ ሆምስቴድ በሚባለው የመሬት ሕግ መሠረት በምድረ ሰፊው የሣር ሜዳ ላይ መሬት በማስመዝገብ የመጀመሪያው ሰው ተብሎ በታሪክ መጻሕፍት ተጽፏል። ይህ የጉዳይ ጥናት ሁለቱን ታሪኮች፣ የመሬቱንና የትምህርት ቤቱን፣ አንድ ላይ ለማየት ይሞክራል። ምክንያቱም በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሁለቱ የአንድ ጉዳይ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ በሁለቱም ጊዜ ፍሪማን የፈለገውን ያገኘው ጎረቤቶች በዓይናቸው ያዩትን በመሐላ እንዲናገሩ በማድረግ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሪማን የተወለደው ሚያዝያ 26 ቀን 1826 በኦሃዮ ግዛት፣ በፕሬብል አውራጃ ነው። በሕክምና ሙያ የሠለጠነ ሰው ነበር፤ ወደ ምዕራብ የሄደው ግን መሬት ፍለጋ ነው። በዚያን ጊዜ ነብራስካ ገና የራሷ መንግሥት ያላት ግዛት አልሆነችም ነበር፤ ወደ ኅብረቱ የገባችው መጋቢት 1 ቀን 1867 ነው። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ግንቦት 20 ቀን 1862 የፈረሙት የሆምስቴድ ሕግ ከጥር 1 ቀን 1863 ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል ታዝዞ ነበር። ሕጉ 21 ዓመት የሞላው ወይም የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ማንኛውም ዜጋ፣ እንዲሁም ዜጋ ለመሆን ማመልከቻ ያስገባ የውጭ አገር ሰው፣ በመንግሥት ላይ መሣሪያ ያላነሣ እስከሆነ ድረስ 160 ኤከር መሬት እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል። ይህ ወደ 65 ሄክታር የሚጠጋ፣ በእኛ አባቶች አለካክ ከአንድ ጋሻ ተኩል የሚበልጥ ስፋት ነው። ያላገባች ሴት ወይም ባሏ የሞተባት ሴትም በራሷ ስም ማስመዝገብ ትችል ነበር።

መሬቱ በነጻ የተሰጠ ነው ቢባልም ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ለምዝገባና ለአገልግሎት የሚከፈለው በድምሩ 18 ዶላር ያህል ነበር፤ ዋናው ዋጋ ግን በገንዘብ የሚከፈል አልነበረም። አመልካቹ በመሬቱ ላይ አምስት ዓመት መኖር፣ ቤት መሥራትና ማረስ ነበረበት፤ ይህንንም ማድረጉን በመጨረሻ በምስክር ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ያስመዘገበ ሁሉ አልጸናም። በሕጉ ዘመን ሁሉ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ማመልከቻዎች ገብተው የባለቤትነት ሰነድ ለማግኘት የበቁት 1.6 ሚሊዮን ያህል ብቻ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በድርቅ፣ በዕዳ፣ በበሽታ ወይም በብቸኝነት ተሸንፈው ትተው ሄደዋል፤ አንዳንዶቹም ከመጀመሪያው ለመኖር ሳይሆን ለመነገድ ያስመዘገቡ ነበሩ።

ስለ ፍሪማን ምዝገባ ተደጋግሞ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። በ1862 የመጨረሻ ቀን ማታ በሚዙሪ ወንዝ ዳር በምትገኘው በብራውንቪል ከተማ የአዲስ ዓመት ድግስ ነበር። ፍሪማን በእርስ በርሱ ጦርነት በሰሜኑ ወገን ተሰልፎ ስለነበር በማግስቱ በማለዳ ወደ ግዳጁ መመለስ ነበረበት፤ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ቀኑን በዓል ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ በድግሱ ላይ ያገኘውን የጽሕፈት ቤቱን ሠራተኛ ለምኖ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ በሩን አስከፍቶ አስመዘገበ ይባላል። ታሪኩ ጥሩ የድግስ ወሬ ይወጣዋል። እውነት ሆነም አልሆነ ግን በዚያው ዕለት በመላ አገሪቱ በነበሩት የመሬት ጽሕፈት ቤቶች ከ400 በላይ ሰዎች አስመዝግበዋል፤ ከእነርሱ መካከል ማን በደቂቃ ቀደመ ብሎ መከራከር እምብዛም ፍሬ ያለው አይመስለኝም። የማያከራክረው ሰነዱ ነው፤ የፍሪማን ማመልከቻ ቁጥር አንድ፣ የይዞታ ማረጋገጫውም ቁጥር አንድ ነው፤ የባለቤትነት ሰነዱ የተመዘገበውም በመጀመሪያው መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው።

መሬቱ ባዶ ነበር ማለትም አይቻልም። ቦታው የኦቶ-ሚዙሪያ ሕዝብ አገር ነበር። ይህ ሕዝብ በ1854 በተፈረመ ውል አብዛኛውን መሬቱን ለፌዴራሉ መንግሥት አስረክቦ በጌጅ አውራጃ ደቡብ፣ በካንሳስ ድንበር ላይ፣ በቢግ ብሉ ወንዝ ዳር በተከለለት ቦታ ተወሰነ። በዚያም እስከ 1881 ከኖረ በኋላ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ምድር እንዲዛወር ተደረገ። ፍሪማን በእርሻው ላይ ከኖረባቸው ዓመታት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ስምንት ያህሉ እንግዲህ የቀድሞዎቹ ባለ አገሮች በዚያው አውራጃ ውስጥ ሳሉ ያለፉ ናቸው። የቁጥር አንዱ መዝገብ ስለ እነርሱ አንድም ቃል የለውም፤ ሕጉ የሚጠይቀው አመልካቹ በመሬቱ ላይ ምን እንደሠራ እንጂ ከእርሱ በፊት ማን እንደነበረበት አልነበረምና።

ፍሪማን የመረጠው ቦታ የሰውየውን ብልህነት ያሳያል። መሬቱ ከብ ክሪክ የሚባለውን ጅረት ተከትሎ የተዘረጋ ነበር። ከሣር በቀር ሌላ በማይታይበት በዚያ ምድር በጅረት ዳር የሚበቅለው ዛፍ ለቤት ግንድ፣ ለአጥር እንጨት፣ ለክረምት ማገዶ ይሆናል፤ ውኃውም ለከብት ይበቃል። ዘግይተው ወደ ምዕራብ የዘለቁት ግን ይህን አላገኙም፤ ብዙዎቹ ሥር የበዛበትን አፈር ከነሣሩ እንደ ጡብ እየቆረጡ በመደርደር የአፈር ቤት ሠርተው ኖረዋል። የሜዳው ሣር ረጅምና ሥሩ ጥልቅ በመሆኑ አፈሩን መጀመሪያ መገልበጥ ከባድ ሥራ ነበር፤ ለዚህ ሥራ ጠንካራ የብረት ማረሻና ብዙ ጥማድ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ከተገለበጠ በኋላ ግን በሺህ ዓመታት የተከማቸው ጥቁር አፈር በቆሎውንም ስንዴውንም አሳምሮ ያበቅላል።

ፍሪማን ያለ ሚስት ለብዙ ጊዜ አልቆየም። አግነስ ሱተር የምትባለው ወጣት በአዮዋ ግዛት በለክሌር ከተማ ትኖር ነበር፤ ለፍሪማን ወንድም ለጄምስ ታጭታ ሳለ ጄምስ በጦርነቱ ዘመን ሞተባት። ዳንኤልና አግነስ ደብዳቤ ይጻጻፉ ጀመር፤ በደብዳቤም ለጋብቻ ተስማሙ፤ የካቲት 8 ቀን 1865 ተጋቡ። እርሷ ሃያዎቹን ገና የጀመረች፣ እርሱ አርባ ሊሞላው የተቃረበ ነበር። ይህ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያልፍ የቤተሰብ ታሪክ ይመስላል፤ ነገር ግን የሆምስቴድ እርሻ በአንድ ሰው ጉልበት የሚቆም አልነበረም፤ ቁጥር አንድ መዝገብ ላይ የአግነስ ስም ባይኖርም ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር የእርሷም ሥራ ነው።

አምስቱ ዓመት ሲሞላ፣ ጥር 20 ቀን 1868፣ ፍሪማን ማረጋገጫውን ለማቅረብ ቀረበ። ከእርሱ ጋር የቀረቡት ምስክሮች ጆሴፍ ግራፍና ሳሙኤል ኪልፓትሪክ የሚባሉ ጎረቤቶቹ ነበሩ። ቃላቸው ዛሬም ሲነበብ ግልጽ ነው። ቤቱ ከፊሉ በግንድ ከፊሉ በሳንቃ የተሠራ፣ ወርዱ 14 ጫማ ርዝመቱ 20 ጫማ፣ አንድ ፎቅ ብቻ ያለው፣ ሁለት በርና ሁለት መስኮት የተበጀለት፣ በእንጨት ክፍክፍ የተሸፈነ፣ ወለሉ ሳንቃ የሆነ ለኑሮ የሚመች ቤት ነው አሉ። 35 ኤከር ያህል ታርሶ፣ ታጥሮ፣ ተዘርቶበታል፤ በረት፣ ርዝመቱ 100 ጫማ የሆነ የበግ ጉሮኖና የበቆሎ ጎተራ ተሠርቷል፤ 40 የፖምና 400 ያህል የኮክ ችግኝ ተተክሏል ብለው መሰከሩ። የባለቤትነት ሰነዱ በመስከረም 1 ቀን 1869 ተሰጠው።

ይህን የምስክርነት ቃል በዝርዝር ማስፈሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ቤቱ በእኛ መለኪያ 26 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ዘመናዊ ሳሎን የሚያክል። የታረሰው ከመሬቱ ሩብ አይሞላም። ሕጉ ግን ትልቅ ቤት ወይም ብዙ ሰብል አልጠየቀም፤ የጠየቀው ሰውየው በእውነት እዚያ መኖሩን ነው። የመንግሥቱ ሹም ብራውንቪል ተቀምጦ ይህን ሊያይ አይችልም። ሊያዩ የሚችሉት ግራፍና ኪልፓትሪክ ናቸው። በሣር ሜዳው ላይ መንግሥት ማለት በአብዛኛው ጎረቤት ማለት ነበር፤ የባለቤትነት መብትህ የሚጸናው ወይም የሚወድቀው አጠገብህ ያለው ሰው የበሮችህንና የመስኮቶችህን ቁጥር ቆጥሮ በመሐላ ሲናገር ነው።

ቀጣዮቹን ዓመታት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ እርሻው አደገ፣ ልጆች ተወለዱ፣ በ1874 የአንበጣ መንጋ የሜዳውን አገርና ብዙዎቹን የነብራስካ እርሻዎች አራቆተ። በዚያው ዓመት የእሾህ ሽቦ በኢሊኖይ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ከዚያ በፊት ግን ዛፍ በሌለበት አገር አጥር ከባድ ጣጣ ነበር፤ ብዙ ገበሬዎች ኦሴጅ ኦሬንጅ የሚባለውን እሾሃም ዛፍ እየተከሉ ከብት የማያልፈው ሕያው አጥር ያበጁ ነበር። በፍሪማን መሬት ዳርም እንዲህ ያለ አጥር ነበረ፤ ቅሪቱ ዛሬም ይታያል።

ትምህርት ቤቱን ለመረዳት ደግሞ መሬቱ እንዴት እንደተለካ ማወቅ ይጠቅማል። የፌዴራሉ መንግሥት ምዕራቡን አገር ታውንሺፕ በሚባሉ አራት ማዕዘን ቁራጮች ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱን ታውንሺፕ በ36 ክፍል ለይቶ ነበር። አንዱ ክፍል 640 ኤከር ነው፤ የአንድ ሆምስቴድ ገበሬ ድርሻ እንግዲህ የአንድ ክፍል ሩብ ነው። በነብራስካ ከ36ቱ ክፍሎች 16ኛውና 36ኛው ለትምህርት ቤት ተለይተው ተቀመጡ። መሬቱ ለገበሬ ሲከፋፈል የትምህርት ቤቱ ድርሻ በዚያው ካርታ ላይ አብሮ ተሠምሯል ማለት ነው። ከዚህ የሚገኘው ገቢ ብቻውን ስለማይበቃ ግን የቀረውን ነዋሪው በግብር ይሞላል፤ ግብሩንም የሚወስነው በየዓመቱ የሚሰበሰበው የትምህርት ወረዳው ጉባኤ ነው።

የወረዳው ነዋሪዎች ሦስት ሰዎችን ለቦርድ ይመርጣሉ፤ አንዱ ጉባኤውን ይመራል፣ አንዱ የጽሕፈቱንና የዕለት ተዕለቱን ሥራ ይይዛል፣ አንዱ ገንዘብ ያዥ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች በሥራቸው የትምህርት ባለሙያ ሳይሆኑ ቀን ቀን እርሻቸው ላይ የሚውሉ ገበሬዎች ናቸው። አስተማሪ የሚቀጥሩ፣ ደመወዝ የሚቆርጡ፣ የክረምቱን ማገዶ የሚያስቀርቡ፣ የትምህርቱን ወራት የሚወስኑ እነርሱ ናቸው፤ በብዙ ወረዳዎችም ወራቱ የሚወሰኑት ልጆቹ ለዘርና ለአጨዳ የሚፈለጉበትን ጊዜ እየታየ ነው። አስተማሪዎቹ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ነበሩ። እንዲህ ያለችው አስተማሪ በአንድ ክፍል ውስጥ ከፊደል ቆጣሪው እስከ ጎረምሳው ያለውን ሁሉ ብቻዋን ታስተምራለች፤ ቅጥሯም በሦስት ገበሬዎች እጅ ነው። አስተማሪዋ ለፍሪማን «ቦርዱ ፈቅዶልኛል» ስትል ከእርሷ በላይ ባለ ሥልጣን መኖሩን ማስታወሷ ነበር፤ መልሷ በእርሷ ቦታ ላለ ሰው ተገቢ መልስ ነበር ለማለት እደፍራለሁ።

ሕንጻው በ1872 በቀይ ጡብ ተሠራ። በሣር ሜዳው ላይ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የእንጨት ወይም የአፈር በነበሩበት ጊዜ ይህ ጠንካራ ሕንጻ ነው። ጡቡን ያቀረበው ቶማስ ፍሪማን የሚባል ሌላ የአካባቢው ሰው ሲሆን ከዳንኤል ጋር ዝምድና አልነበረውም፤ ትምህርት ቤቱ «ፍሪማን ትምህርት ቤት» የተባለው በየትኛው ፍሪማን ስም እንደሆነ እስከ ዛሬ አንባቢን ያደናግራል። ሕንጻው በሳምንቱ ቀናት ትምህርት ቤት፣ በምርጫ ቀን የብሌክሊ ታውንሺፕ የድምፅ መስጫ ጣቢያ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ የክርክርና የሃይማኖት ስብሰባ ቦታ ነበር። በአካባቢው ሌላ ሰፊ አዳራሽ ስላልነበረ ሕዝቡ ያለውን አንድ ክፍል ለሁሉም ነገር ይጠቀምበታል። የኋለኛው ክርክር ለምን ለብዙዎቹ ነዋሪዎች እንግዳ እንደሆነባቸው ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ በዚያው ጣሪያ ሥር ማታ የሚጸለይ ከሆነ ጠዋት መጸለዩ ምን ነውር አለው ብሎ ማሰብ ለእነርሱ ተፈጥሯዊ ነበር። ልዩነቱ ማታ የሚመጣው ሰው በፈቃዱ መምጣቱ፣ ጠዋት የሚመጣው ልጅ ግን ለትምህርት የተላከ መሆኑ ነው።

ጊዜውም ከግምት መግባት አለበት። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አሜሪካ ብዙ ፕሮቴስታንቶች በንጉሥ ጄምስ ትርጉም የተዘጋጀውን መጽሐፍ ቅዱስ ያለ ማብራሪያ ማንበብ ወገንተኝነት የሌለበት የግብረ ገብ ትምህርት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ካቶሊኮች ግን ቤተ ክርስቲያናቸው የምትቀበለው የእንግሊዝኛ ትርጉም ሌላ በመሆኑ፣ ያለ ካህን ትርጓሜ ማንበብም ራሱ የፕሮቴስታንት ልማድ በመሆኑ ይቃወሙ ነበር። በ1890 የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በካቶሊክ ወላጆች አቤቱታ ይህን ንባብ ከልክሏል። የጌጅ አውራጃም አንድ ዓይነት ሰው የሚኖርበት አልነበረም፤ ለምሳሌ ከ1870ዎቹ አጋማሽ በኋላ ከፕሩሲያ የመጡ ሜኖናውያን የሚባሉ የፕሮቴስታንት ወገን አማኞች በቢያትሪስ አካባቢ ሰፍረዋል።

አስተማሪዋ ኢዲት ቢቸር ትባላለች። በመዝገቡ እንደሠፈረው በትምህርት ሰዓት፣ በትምህርት ቤቱ ሕንጻ ውስጥ፣ ተማሪዎች ባሉበት፣ ራሷ የመረጠቻቸውን ክፍሎች ከንጉሥ ጄምስ ትርጉም ታነብ፣ መንፈሳዊ መዝሙሮችን ታዘምርና ወደ እግዚአብሔር ጸሎት ታቀርብ ነበር። ፍሪማን ያቀረበው አቤቱታ ካሳ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ፍርድ ቤቱ ቦርዱን ሥርዓቱን እንዲያስቆም እንዲያዝዘው የሚጠይቅ ነበር። ክሱም በቦርዱ አባላት ስም ቀርቦ በመጀመሪያው ስም ሼቪ ተብሎ ተመዘገበ፤ የሕግ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ጉዳዩን የሚጠሩት «ፍሪማን በሼቪ ላይ» ብለው ነው። የአውራጃው ፍርድ ቤት ለቦርዱ ፈረደ። ፍሪማን ይግባኝ ብሎ ወደ ነብራስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ።

የክርክሩ መሠረት የነብራስካ የ1875 ሕገ መንግሥት ነበር። ሰነዱ ማንም ሰው ያለ ፈቃዱ ወደ አምልኮ ቦታ እንዲሄድ፣ እንዲያሠራ ወይም በገንዘቡ እንዲደግፍ እንዳይገደድ ይደነግጋል፤ በሌላ አንቀጽም በሕዝብ ገንዘብ በሚተዳደር ትምህርት ቤት የአንድ ወገን የሃይማኖት ትምህርት እንዳይሰጥ ይከለክላል። እዚያው ላይ ግን ሃይማኖት፣ ግብረ ገብና ዕውቀት ለመልካም አስተዳደር አስፈላጊ ናቸው ይላል። ሁለቱም ወገኖች ከአንድ ሕገ መንግሥት የሚጠቅማቸውን ቃል ማውጣት ይችሉ ነበር ማለት ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 1902 የበታችኛውን ፍርድ ሻረ። የውሳኔውን ጽሑፍ ያዘጋጁት ፍርድ ቤቱን ይረዱ ከነበሩት ኮሚሽነሮች አንዱ የሆኑት ኤምስ ናቸው። በውሳኔው ላይ ከባድ ሚዛን የያዘው የአስተማሪዋ የራሷ ቃል ነበር፤ ሥርዓቱን እንደ ሃይማኖታዊ አምልኮ እንደምታየውና በዚያ ምክንያት እንደምታካሂደው መስክራለች። ስለዚህ የቦርዱ ጠበቆች ነገሩ የሥነ ጽሑፍ ወይም የግብረ ገብ ትምህርት ነው ብለው ለመከራከር ቦታ አጡ። በመዝገቡ ውስጥ ይበልጥ ትኩረቴን የሚስበው ይህ ቦታ ነው። አስተማሪዋ ነገሩን አቃልላ «እንዲያው ንባብ ነው» ብትል ኖሮ ምናልባት ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር። በመሐላ ቆማ እውነቱን ተናገረች፤ በዚህም ጉዳዩን የረታው ከሳሹ ሆነ። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት የግራፍና የኪልፓትሪክ ቃል ለፍሪማን መሬቱን እንዳጸደቀለት ሁሉ አሁን ደግሞ የተከሳሾቹ ቅጥር የሆነች ምስክር ቃል ክርክሩን አጸደቀለት።

ውሳኔው በግዛቱ ብዙ ቁጣ አስነሣ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ከትምህርት ቤት ተባረረ ተብሎ ተወራ። ቦርዱ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አመለከተ። በጥር 1903 ዋና ዳኛ ሰሊቫን የጻፉት ሁለተኛ ጽሑፍ ውጤቱን አልለወጠም፤ ወሰኑን ግን በጥንቃቄ አሰመረ። ሕጉ መጽሐፍ ቅዱስን፣ በየትኛውም ትርጉም ይሁን፣ ከሕዝብ ትምህርት ቤት አይከለክልም አሉ። አንድ ሰው ሊጠቀምበት ሲፈቀድለት ያለ አግባብ ሊጠቀምበት ይችላል ተብሎ ብቻ ፍርድ ቤት አስቀድሞ ሊከለክለው አይችልም። ፍርድ ቤት ጣልቃ የሚገባው ለዓለማዊ ትምህርት የተቀጠረ አስተማሪ የራሱን ወገን እምነት ወደ ማስፋፋት ሲሻገር ነው። መጽሐፍ ቅዱስ እንዲነበብ መፍቀድ ብልህነት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስነው የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ነው፤ ንባቡ በአንድ በተወሰነ ጉዳይ ላይ የወገን ስብከት ሆኗል አልሆነም የሚለውን ግን ፍርድ ቤት በማስረጃ ይወስናል፤ ሕግ ተጥሷል ተብሎም በግምት አይታመንም፣ እያንዳንዱ ጥሰት ብቃት ባለው ማስረጃ መረጋገጥ አለበት።

ይህን ሁለተኛ ጽሑፍ አንዳንዶች እንደ ማፈግፈግ ያዩታል። እኔ ግን ለገጠር ትምህርት ቤት የሚስማማው ይህኛው ነው ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ውሳኔ ብቻውን ቢቀር ኖሮ በየወረዳው ያሉ ሦስት ሦስት ገበሬዎች ምን እንደተከለከለ ሳይገባቸው መጽሐፉን ከመደርደሪያው ሊያወርዱት፣ ወይም በተቃራኒው ፍርዱን በእልህ ሊያልፉት ይችሉ ነበር። ሁለተኛው የቦርዱን ሥልጣን ለቦርዱ ትቶ፣ ተቃዋሚውን ጎረቤት ደግሞ «አየሁ የምትለውን አምጣ» ይለዋል። ደካማ ጎኑም እዚያው ነው፤ በየትምህርት ቤቱ የሚሆነውን ለማረጋገጥ ሁልጊዜ እንደ ፍሪማን ጎረቤቶቹን ፍርድ ቤት ለማቆም የሚደፍር ሰው ያስፈልጋል። ስለ እምነት ጉዳይ ጎረቤትን መክሰስ በየትኛውም የገጠር ማኅበረሰብ ከመሬት ክርክር የከበደ ነገር ነው፤ አብዛኛው ሰው ጉዳዩን ዋጥ አድርጎ ያልፈዋል። ፍሪማን ግን ይህን የሚፈራ ሰው አልነበረም፤ በብዙ መጻሕፍት በሚታየው ፎቶግራፉ ጢሙን አንዠርግጎ፣ ጠመንጃና መጥረቢያ ይዞ የቆመ ግትር ሽማግሌ ነው።

ዳንኤል ፍሪማን ታኅሣሥ 30 ቀን 1908 ሞተ፤ በዚያው በመሬቱ ላይ ተቀበረ። አግነስ እስከ 1931 ኖራ ከጎኑ ዐረፈች። ሴናተር ጆርጅ ኖሪስ በገፉት ሕግ መሠረት በ1936 መሬቱ ብሔራዊ መታሰቢያ ሆነ፤ ከ1939 ጀምሮም ታርሶ የነበረው ማሳ እንደገና ወደ ሣር ሜዳ እንዲመለስ ዘር ተዘራበት። ሰውየው አፈሩን ገልብጦ ባለ መሬት መሆኑን ያስመሰከረበት ቦታ ተመልሶ ረጅም ሣር እንዲበቅልበት የመንግሥት ሠራተኞች በጥንቃቄ ደከሙ። የሆምስቴድ ሕግ ራሱ ከአላስካ በስተቀር በሌሎቹ ግዛቶች በ1976 ተሰረዘ።

ቀይ ጡቡ ትምህርት ቤት ግን ከገበሬውም ከሕጉ ክርክርም በኋላ ሥራውን ቀጥሎ ነበር። ሰኔ 17 ቀን 1963 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከፔንሲልቬንያ በመጣ ክስ ላይ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ዕለታዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብን እንደ ሥርዓተ ጸሎት ማካሄድ ከአገሪቱ ሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል ብሎ ሲወስን፣ በከብ ክሪክ አጠገብ ያለው ያ አንድ ክፍል አሁንም ተማሪዎች ነበሩበት። የመጨረሻዎቹ ልጆች የወጡት በ1967 ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ሕንጻው የፍሪማን መሬት ካለበት መታሰቢያ ጋር ተቀላቀለ።